ለቤት ዕቃ የሚሆን ጥሩ ጣውላ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ወይም አግዳሚ ወንበር በገዛ እጃቸው ሊሠሩ የተነሱ ሰዎች ጣውላ ከመግዛታቸው በፊት፣ አንዳንዴም ከገዙ በኋላ፣ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነሆ።

ጠንካራ እንጨት የሚባለው የትኛው ነው?

በእንጨት ንግድ ውስጥ ጠንካራ የሚባለው ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው፣ አበባ ከሚያብቡ ዛፎች የሚገኘው ነው። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ፣ ኦክ፣ ዋልነት፣ ሜፕል፣ ቲክና ማሆጋኒ እዚህ ይመደባሉ። ጽድ፣ ዝግባና ፓይን ደግሞ ከለስላሳዎቹ ወገን ናቸው። ግን ምድቡ የሚናገረው የዛፉን ዘር ነው፤ ጥንካሬውን አይደለም። ባልሳ ከጠንካሮቹ ጎራ ቢመደብም በጥፍር ይሰረጎዳል።

ትክክለኛውን ጥንካሬ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጃንካ የሚባል መለኪያ አለ። 11.28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የብረት ኳስ እስከ ግማሿ እንጨቱ ውስጥ ለመስመጥ ስንት ኃይል እንደሚያስፈልጋት ይለካል። በፓውንድ ሲሰላ ነጭ ፓይን 380፣ ቼሪ 950፣ ጥቁር ዋልነት 1010፣ ቀይ ኦክ 1290፣ ጠንካራው ሜፕል 1450 ገደማ ያስመዘግባሉ። ልጆች ለሚጫወቱበት ጠረጴዛ ቁጥሩ ከፍ ቢል ይመረጣል። ለመጻሕፍት መደርደሪያ ግን ያን ያህል አትጨነቁ።

ለመጀመሪያ ሥራዬ የትኛውን ልያዝ?

በእጅ መሣሪያ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፣ መስመሩ ቀጥ ያለ እንጨት ያዙ። ቼሪ፣ ዋልነት፣ ማሆጋኒ፣ ፖፕላር፣ ለስላሳው ሜፕል፣ ዋንዛ፤ እነዚህ ሁሉ ለጀማሪ ደግ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በአቅራቢያችሁ በብዛት የሚገኘውን ምረጡ። በብዛት የሚገኝ እንጨት ዋጋውም ይቀላል፣ ሲያንሳችሁም ተመልሳችሁ የሚመስለውን ታገኛላችሁ።

ወይራ እጅግ ያምራል፤ ግን ከባድና ጠጣር ስለሆነ የመላጊያ ስለት ቶሎ ያደነዝዛል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ በብዛት ስለሚኮማተር መጣመምና መሰንጠቅ ያበዛል። በደንብ የደረቀ ካልሆነ ለጠረጴዛ ገጽ አልመክረውም።

ሁሉንም ክፍል ከጠንካራ እንጨት መሥራት አለብኝ?

የለባችሁም። የቁም ሳጥን ጀርባና የመሳቢያ ወለል በኮምፔንሳቶ ቢሠራ እንዲያውም ይሻላል፤ ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ እምብዛም አይሰፋም፣ አይጠብም። የመሳቢያ ጎንና ከውስጥ የሚቀሩ ማገሮች ርካሽ በሆነ ሁለተኛ እንጨት ይሠራሉ። ውዱን ጣውላ ዓይን ለሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡት።

ጥሩ ጣውላ የት ይገኛል?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግንባታ ዕቃ መሸጫ ነው። እዚያ የሚሸጠው በብዛት ለጣሪያ፣ ለበርና ለመስኮት ፍሬም የታሰበ ስለሆነ ለቤት ዕቃ በሚበቃ መጠን ላይደርቅ ይችላል። ተላግቶ፣ ተስተካክሎ፣ በቁራጭ የሚሸጥ ጠንካራ እንጨት ቢኖርም ለጥቂት ጣውላ ብዙ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ችግሩ ዋጋው ብቻ አይደለም። ምርጫ የለውም። አምስት ጣውላ ተደርድሮ ከአምስቱ ሁለት መምረጥ ምርጫ አይባልም።

እንጨት መሰንጠቂያ ቤት የተሻለ ነው። ግንዱ እዚያው ስለሚሰነጠቅ ከአንድ ግንድ የወጡ ጣውላዎችን አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል፣ በፈለጋችሁት ውፍረትም ታስቆርጣላችሁ። ብቻ ብዙው እርጥብ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ዕወቁ። የቤት ዕቃ ለሚያመርቱ ድርጅቶች ብቻ የሚያቀርብ የጣውላ ነጋዴም አለ፤ ብዙዎች «ለእኔ አይሸጥልኝም» ብለው ይፈሩታል። ደውሉና ጠይቁ። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ከሄዳችሁ፣ የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ ከያዛችሁና ያገላበጣችሁትን ክምር መልሳችሁ ከደረደራችሁ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያስተናግዳሉ።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው ምንጭ የቤት ዕቃ አምራቾች ቁርጥራጭ ነው። ለእነሱ 60 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ጣውላ ማገዶ ነው፤ ለእናንተ ግን የወንበር እግር፣ የመሳቢያ ፊት፣ የትንሽ ሳጥን ጎን ይሆናል። እንጨቱ ለሥራ የተዘጋጀ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው። ፈራሽ ቤትና አሮጌ የቤት ዕቃም አለ፤ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እንጨቱ ደረቅ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይሄን ነው፤ ምክንያቱም ሰው ስለ እንጨቱ ዓይነት ሲጨነቅ ውሎ ስለ እርጥበቱ ሳይጠይቅ ከፍሎ ይወጣል። በደንብ የደረቀ ተራ እንጨት እርጥብ ከሆነ ውድ እንጨት ሁልጊዜ ይበልጣል። እርጥብ ማሆጋኒ ቤት ገብቶ ይጣመማል። ደረቅ ፖፕላር ዕድሜ ልክ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለቤት ውስጥ ዕቃ የምትፈልጉት እርጥበት ከ6 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ነው። እርጥበት አዘል አየር ባለበት ቦታ እስከ 12 ድረስ ይሄዳል። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። እንጨት ካለበት አየር ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ውኃ ይሰጣል ወይም ይወስዳል፤ የክፍሉ አየር እርጥበት 50 በመቶ ከሆነ እንጨቱ 9 በመቶ ላይ ይረጋል፣ 65 ከሆነ ወደ 12 ይጠጋል። ስለዚህ ጣውላው ዕቃው የሚቀመጥበትን ቤት እንዲመስል ነው የምትፈልጉት።

መንገዱ ቀላል ነው፤ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ግዙ። ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ርካሿም ብትሆን ሥራውን ትሠራለች። ጫፉን አትለኩ፤ ጫፍ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ፣ ሦስት አራት ቦታ ለኩ። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ ጫፉን አስቆርጡና አዲሱን ቁርጥ ለኩት፤ የውስጡ ንባብ ከላዩ በብዙ ከበለጠ እንጨቱ ገና ነው።

መለኪያ ከሌላችሁ ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብሎ ከተቆረጠ ቦታ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ውሰዱና መዝኑ። ከዚያ በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍላችሁ በመቶ አባዙ። 56 ግራም የነበረው 50 ላይ ቢቆም፣ 6 ለ50 ሲካፈል እርጥበቱ 12 በመቶ ነበር ማለት ነው። ላቦራቶሪም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

በእጅ መዳሰስና ክብደት ማንሳት ልምድ ላለው ሰው ፍንጭ ይሰጣል። እርጥብ እንጨት ሲነካ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲያንኳኩትም ድምፁ የታፈነ ነው። ግን በዚህ ብቻ ገንዘብ አትክፈሉ።

በአየር የደረቀ ይሻላል ወይስ በማሽን የደረቀ?

በማድረቂያ ክፍል ውስጥ በሙቀት የደረቀ እንጨት ከ6 እስከ 8 በመቶ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ውስጡ ያለውን ነፍሳት ይገድላል። በአየር ብቻ የደረቀ ግን እንደ አየሩ ሁኔታ ከ12 እስከ 20 በመቶ መካከል ይቆማል፤ ከዚያ በታች ለማውረድ ቤት ውስጥ መቆየት አለበት። ለጀማሪ በማሽን የደረቀውን እመክራለሁ፤ ጥያቄ ይቀንሳል።

በአየር የደረቀውን አጥብቀው የሚወዱ አናጺዎች አሉ፣ ምክንያትም አላቸው። በእጅ መላጊያ ሲሠራ ይታዘዛል። በተለይ ዋልነት ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ፋብሪካዎች ነጣ ያለው የዳር ክፍል እንዲጠቁር ዋልነትን በእንፋሎት ስለሚያበስሉት ወይን ጠጅና ቡኒ ኅብሩ ይደበዝዛል። በማሽን ሲደርቅ ደግሞ ከተቸኮለበት ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል። ምልክቱ ሲሰነጥቁት ይታያል። መጋዙን ይነክሳል፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች ወዲያው ይጎብጣሉ። እንዲህ ያለ ጣውላ ከገጠማችሁ ለአጫጭር ክፍሎች ተጠቀሙበት።

ቀጥ ያለውን ከተጣመመው እንዴት እለያለሁ?

ጣውላውን አንዱን ጫፍ መሬት ላይ አድርጉና ሌላውን ወደ ዓይናችሁ አንሱት። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ በጠርዙ ተከትላችሁ እዩ። በርዝመቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የጎበጠ ከሆነ እዚያው ይታያል። ወደ አጫጭር ክፍሎች የሚቆረጥ ከሆነ ይሄ ጉብጠት ብዙም አያስፈራም፤ 2 ሜትር ላይ የሚታየው ጉብጠት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ በመላጊያ ይጠፋል።

የሚያስፈራው መጠምዘዝ ነው። ጣውላውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስተኙትና በተቃራኒ ማዕዘኖች ተራ በተራ ጫን ጫን አድርጉ። ከተንገዋለለ ተጠማዝዟል። የተጠማዘዘ ጣውላ ቀጥ እስኪል ስትልጉት ግማሽ ውፍረቱ መላጫ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል፤ ሻጩ ቅናሽ ቢያደርግም እለፉት።

ጫፉ ላይ ያሉት ቀለበቶች ምን ይነግሩኛል?

ብዙ ይነግራሉ፤ ደግሞም ብዙ ሰው አያያቸውም። የጣውላውን ጫፍ ተመልከቱ። የዕድገት ቀለበቶቹ እንደ ቅስት ጎበጥ ብለው ከተኙ ጣውላው የተሰነጠቀው በጠፍጣፋው ነው። ላዩ ላይ ሰፋፊና ሞገድ የሚመስል መስመር ይኖረዋል፤ ያምራል፣ ይረክሳልም። ነገር ግን ሲደርቅ ቅስቶቹ ቀጥ ለማለት ስለሚሳቡ በቅርፊት በኩል የነበረው ገጽ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ቀለበቶቹ ለሰፊው ገጽ ቀጥ ብለው ከቆሙ ደግሞ ወደ ግንዱ መሃል አቅጣጫ የተሰነጠቀ ነው፤ ከግንዱ የሚባክነው ስለሚበዛ ይወደዳል፣ ግን ረግቶ ይቀመጣል።

ምክንያቱ እንጨት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ቀለበቶቹን አቋርጦ ከሚኮማተረው በእጥፍ አካባቢ ስለሚበልጥ ነው። ቀይ ኦክ ከእርጥብ ፍጹም እስኪደርቅ በአንደኛው አቅጣጫ 8.6 በመቶ፣ በሌላው 4 በመቶ ይኮማተራል። ማሆጋኒ 4.1 እና 3 ብቻ ነው። ማሆጋኒ ለዘመናት የተወደደው ለቀለሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በርዝመት በኩል ያለው ለውጥ ግን ለሁሉም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የግንዱ እምብርት፣ ማለትም የቀለበቶቹ መነሻ የሆነችው ነጥብ፣ ጣውላው ውስጥ ካለች ያ ጣውላ መሰንጠቁ አይቀርም። እሷን ቆርጣችሁ ለማውጣት ካላሰባችሁ አትግዙት። ለጠረጴዛና ለወንበር እግር ደግሞ ቀለበቶቹ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄዱበትን ፈልጉ፤ በአራቱም ገጽ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታያል።

ዓይን፣ ስንጥቅና ነጣ ያለው ክፍል ያለበትን ልተው?

እንደየቦታው ነው። ቅርንጫፍ የወጣበት ዓይን ዙሪያው ከእንጨቱ ጋር የተዋሃደ ከሆነ ለጠረጴዛ ገጽ ውበት ነው። ዙሪያው በጥቁር ቀለበት የተከበበው ግን ውሎ አድሮ ይወልቃል። ለእግርና ለወንበር መደገፊያ ማንኛውም ዓይን መጥፎ ነው፤ እንጨቱ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። የጫፍ ስንጥቅ የተለመደ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሌለ ቁጠሩት። ወደ ቅርፊቱ ያለው ነጣ ያለ ክፍል በጥንካሬ ከውስጠኛው ብዙም አያንስም፤ ችግሩ የቀለም ልዩነቱና ነፍሳት የሚወዱት መሆኑ ነው። ደጅ ለሚቀመጥ ዕቃ አትጠቀሙበት፣ ቶሎ ይበሰብሳል።

ስንት ልግዛ? ሻጩ በሜትር ኩብ ይላል፣ አንዳንዱ በቦርድ ፉት።

ርዝመት በስፋት በውፍረት፣ ሁሉንም በሜትር አድርጋችሁ አባዙ። 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 0.009 ሜትር ኩብ ነው። ቦርድ ፉት 1 ኢንች ውፍረት ያለው፣ በአራቱም ጎን 1 ጫማ የሆነ እንጨት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ወደ 424 ቦርድ ፉት ይሆናል።

ውፍረቱ የሚነገረው ሳይላግ ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ በሁለቱም ገጽ ተልጎ ሲስተካከል 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይቀራል። 25 ሚሊ ሜትር የተላገ ገጽ ከፈለጋችሁ 32 የሆነውን ግዙ። በመጨረሻም ካሰላችሁት ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ጨምሩ። ስንጥቁ፣ ዓይኑ፣ የመጋዙ ስለት የሚበላው፣ በስህተት የሚቆረጠው፤ ሁሉም ከዚያ ነው የሚወጣው። ይሄን ጭማሪ ብክነት ነው ብለው የሚቆጥቡ ሰዎች ሥራው መሃል ላይ አንድ ጣውላ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ የሚያገኙት ደግሞ ቀለሙ የማይመሳሰል ነው።

የጥራት ደረጃ ሲጽፉ ምን ማለታቸው ነው?

በዓለም ንግድ ብዙ የሚሠራበት በአሜሪካ በ1898 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጠንካራ እንጨት ነጋዴዎች ማኅበር ያወጣው ደረጃ ነው። ደረጃው የሚለካው ከጣውላው ውስጥ ስንት እጅ ንጹሕ ቁራጭ እንደሚወጣ ነው። ኤፍኤኤስ የሚባለው የላይኛው ደረጃ ቢያንስ 83 በመቶ ያህል ንጹሕ ቁራጭ የሚወጣበት ነው። «ቁጥር 1 ኮመን» ወደ 67 በመቶ ነው፣ «ቁጥር 2» 50።

የእኔ ምክር ቁጥር 1 ነው። የመደርደሪያ ጎን ወይም ትልቅ ጠረጴዛ ካልሆነ በቀር የቤት ዕቃ ክፍሎች አጫጭር ናቸው፤ በዓይኖቹ መካከል ቆርጣችሁ ታወጧቸዋላችሁ። ደረጃው ስለ ቀለም፣ ስለ መስመር ውበት ወይም ስለ ድርቀት ግን ብዙም አይነግራችሁም፤ እሱን ራሳችሁ እዩ።

ጣውላውን ቤት ካስገባሁ በኋላ ወዲያው ልጀምር?

አትጀምሩ። ዕቃው በሚቀመጥበት ዓይነት ክፍል ውስጥ፣ አየር በሁሉም ጎን እንዲያገኘው በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ወይም በቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስተኛት ጥሩ አይደለም፤ ሲሚንቶ እርጥበት ይሰጠዋል። መለኪያ ካላችሁ ቁጥሩ መለወጥ ሲያቆም ጀምሩ። መጀመሪያ ከሚፈለገው ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡና ላጉ፣ ጥቂት ቀን አሳርፉት፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው መጠን አውርዱት። ይሄ ማሳረፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ መዝጊያና የመሳቢያ ፊት የሚጣመመው ግን ይሄ ስለተዘለለ ነው።

እርጥብ እንጨት ርካሽ ነው፤ ገዝቼ ራሴ ላደርቀው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ቦታና ጊዜ ካላችሁ። የቆየው ልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል፤ እንደ አየሩና እንደ እንጨቱ ዓይነት ያጥራል ወይም ይረዝማል። ወፍራም ሳንቃ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጊዜው ከውፍረቱ በላይ ይረዝማል፤ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኦክ በሁለት ዓመትም ላይበቃው ይችላል።

መጀመሪያ ጫፎቹን በዚያው ቀን በወፍራም ቀለም ወይም በሰም ቀቡ። የእንጨት ውስጥ እንደ ታሰረ የመጠጫ ስትሮ ጥቅል ስለሆነ ውኃው በጫፍ በኩል ከጎኑ ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፤ ጫፉ ቀድሞ ሲኮማተር ነው የሚሰነጠቀው። ከዚያ ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠፍጣፋ መደብ አዘጋጁ። በጣውላዎቹ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቀጫጭን እንጨቶች በየ40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትሩ አስገቡ፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ፣ አለበለዚያ ጣውላው በእነሱ መካከል ይጎብጣል። ከላይ ዝናብና ፀሐይ የማያሳልፍ ክዳን አድርጉበት፤ ጎኑን ግን አትሸፍኑ፣ ንፋስ ይግባው። ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር ጫኑ። በላስቲክ መጠቅለል ሻጋታ ማሳደግ ነው።

አሮጌ እንጨትና ፓሌት ለቤት ዕቃ ይሆናል?

አሮጌ እንጨት ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይሻላል። ለአሥርት ዓመታት ደርቋል፣ ሊጣመም የነበረው ተጣሟል፣ አንዳንዱም ዛሬ በቀላሉ ከማይገኝ ሰፊ ግንድ የወጣ ነው። የተሰባበረ ቁም ሳጥን ወይም ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ እንደ ጣውላ ክምር ተመልከቱት። ከመጋዝ በፊት ግን ብረት ፈልጉ፤ ትንሽ የብረት ጠቋሚ መሣሪያ ወይም ጠንካራ ማግኔት ይዛችሁ እያንዳንዱን ገጽ ዳሱ። አንዲት የተሰበረች ሚስማር የላጊ ማሽን ስለት ታበላሻለች። የቆየ ቀለም ካለበት ደግሞ ከመፋቃችሁ በፊት የእርሳስ ብረት እንዳለበት አስመርምሩ። በአሜሪካ ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ በሌሎች አገሮች ዓመቱ ይለያያል። አቧራው በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው።

ፓሌት ማለት ዕቃ ተደርድሮበት የሚጫን የእንጨት መደብ ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን ማኅተም እዩ። «ኤችቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ የእንጨቱ እምብርት ሳይቀር 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። «ኤምቢ» የሚል ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታከመ ስለሆነ ተዉት። ማኅተሙ ጥሩ ሆኖም ምን እንደፈሰሰበት አይናገርም፤ ቅባት ወይም ኬሚካል የሚሸተውን ቤት አታስገቡ። ከፓሌት የሚወጣው ጣውላ ቀጭንና አጭር ነው። ለትንንሽ ነገር ይሆናል፣ ለምግብ ጠረጴዛ ግን ከልፋቱ አንጻር አያዋጣም።

ጣውላው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎችና እንደ ዱቄት ያለ ነገር አየሁ። ምንድን ነው?

ቁንቁን ነው። ክብ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ካለና ሲነካ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከወጣ፣ ስታርች ያለበትን ነጭ የዳር ክፍል የሚበላው ዓይነት ነው። እንደ ኦክና አሽ ያሉ ሰፋፊ ቀዳዳ ያላቸውን እንጨቶች ይወዳል። ዋናው ጥያቄ አሁንም አለ ወይስ ሄዷል የሚለው ነው። ብናኙን ጥረጉ፣ ጥቁር ወረቀት ከሥሩ አንጥፉ፣ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። አዲስ ብናኝ ከወረደ ውስጡ በሕይወት አለ።

እንዲህ ያለውን ጣውላ ከሌላው ጋር አትደርድሩ። በማድረቂያ ክፍል ሙቀት ይሞታል፤ ያልተቀባ እንጨት ላይ የሚቀባ የቦሬት ውኅድም ይሠራል። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ላይ ግን ውኅዱ አይገባም። ደግሞ ሙቀት ያለውን ይገድላል እንጂ ወደፊት ከሚመጣው አይጠብቅም። ለዚህ ነው ነጩን የዳር ክፍል ቆርጦ ማውጣት ከሁሉም የሚሻለው።

ሻጩ ማሆጋኒ ነው አለኝ። ልመነው?

የዛፉን ሙሉ የንግድ ስምና የመጣበትን አገር ጠይቁት። የፊሊፒንስ ማሆጋኒ በሚል ስም የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሜራንቲ ወይም ላዋን ነው፤ ከማሆጋኒ ጋር ዝምድና የለውም። የአፍሪካ ማሆጋኒ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። የብራዚል ቼሪ የሚባለውም ቼሪ አይደለም፣ ጃቶባ ነው፤ ከቼሪ እጅግ የጠነከረና በእጅ መሣሪያ የሚያስለቅስ። እነዚህ መጥፎ እንጨቶች አይደሉም፤ በማሆጋኒ ዋጋ ሲሸጡ ነው መጥፎ የሚሆኑት።

ቀለም ማስረጃ አይሆንም፣ በቀለም ማቅለሚያ ሁሉም ይቀላል። አዲስ የተቆረጠውን ጫፍ በስለታም ቢላዋ አለስልሳችሁ በማጉያ መነጽር እዩት። የቀዳዳዎቹ መጠንና አደራደር ከዓይነት ዓይነት ይለያያል፤ የታወቀ ናሙና አጠገቡ አድርጋችሁ ብታወዳድሩ ጥሩ ነው። ኦክ ላይ አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ። ከቀይ ኦክ አጭር ቁራጭ ቆርጣችሁ በአንዱ ጫፍ ብትነፉ አየሩ በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ ነጭ ኦክ ግን ቱቦዎቹ ተደፍነዋል። በርሜልና የደጅ ዕቃ ከነጩ የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

ደረቅ ጣውላ ገዝቼ፣ አሳርፌ ሠራሁ፤ የጠረጴዛው ገጽ ግን ተሰነጠቀ። ለምን?

ምናልባት ገጹን ከፍሬሙ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ በብሎንና በኮላ ስላሰራችሁት ይሆናል። የደረቀ እንጨትም ከወቅት ወቅት ይሰፋል፣ ይጠባል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ቀይ ኦክ እርጥበቱ ከ12 ወደ 8 በመቶ ሲወርድ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይጠባል። መንቀሳቀሻ ካላገኘ ይቀደዳል። ምንም ኮላ አይችለውም።

ስለዚህ በፍሬሙ ላይ የብሎኖቹን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉ፣ ወይም ገጹን እንዲንሸራተት የሚፈቅዱ ትናንሽ የብረት ማያያዣዎች ተጠቀሙ። መሃሉን ብቻ ማሰር ይቻላል፣ ዳርና ዳሩ ነጻ ይሁን። ገጹን ከላይም ከታችም እኩል ቫርኒሽ ቀቡ። ታቹ አይታይም ተብሎ ከተዘለለ ሁለቱ ገጾች እርጥበት የሚወስዱበት ፍጥነት ይለያያል፣ ሰሌዳውም ይጎደጉዳል።

የተለያዩ ጣውላዎችን ሳጣብቅ ቀለማቸው አይመሳሰልም። ምን ላድርግ?

ከተቻለ ከአንድ ግንድ የወጡትን ግዙ። ካልተቻለ ሁሉንም አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ክምር ምረጡ፤ መሬት ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እያገላበጣችሁና ቦታ እያቀያየራችሁ እዩ። ጥርት ያለው ቀለም እንዲታይ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ቀለም ደግሞ ከጊዜ ጋር ይለወጣል። ቼሪ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ዋልነት በተቃራኒው ይፈዛል። ስለዚህ ዛሬ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት እንጨቶች ከዓመታት በኋላ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ሮዝዉድ ወይም ሌላ ብርቅ እንጨት ርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

ከየት መጣ? የሚለው መልስ ካላገኘ አትግዙ። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይቲስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የብራዚል ሮዝዉድን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቁ ዝርዝር አስገብቶታል፤ ሮዝዉድ የሚወጣበት የዳልቤርጂያ ዝርያ በሙሉ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥጥር ውስጥ ነው። የላቲን አሜሪካው ባለ ትልቅ ቅጠል ማሆጋኒም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ። ሰነድ የሌለው እንጨት ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል፤ ከእሱ የሠራችሁትን ዕቃ ሌላ አገር መሸጥም ችግር ያመጣል።

ደኖች በአግባቡ መያዛቸውን የሚመሰክረው ኤፍኤስሲ የተባለ ድርጅት ምልክት ያለበት ጣውላ ከተመሰከረለት ደን የመጣ ነው። ድርጅቱ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን ሻጩ የማረጋገጫ ቁጥር ስላለው ጠይቁት። ጥቁርና ደማቅ ቀለም ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ዋልነት ይበቃል። ብርቅዬው የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ የአሮጌ ዕቃ ስባሪ ፈልጋችሁ ለመሳቢያ እጀታ ወይም ለጠርዝ ማስጌጫ ብቻ ተጠቀሙበት፤ የክንድ ያህል ቁራጭ ለአንድ ቁም ሳጥን እጀታዎች ይተርፋል።